ኖር ብሎ የወደቀ ሹፌር

መኪናዋ ደብረ ታቦር ግቢዬ ውስጥ ከቆመች መንፈቅ አልፏት ነበር። ቅጥቅጥ ናት፤ የጭነት መኪና ሆና ተወልዳ እዚሁ አገር ወንበርና ጣሪያ ተገጥሞላት አውቶቡስ የተባለች። እኔም እንደሷው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከጉና ሥር ድንችና ነጭ ሽንኩርት እየሰበሰብኩ ለወረታ ነጋዴ ሳቀብል ኖሬ፣ ጠጉሬ መሸበት ሲጀምር ባለ አውቶቡስ ተባልኩ። የተባልኩት ለስሙ ነው። ባለ አውቶቡስ ማለት ሹፌር ያለው ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ሹፌር አልበረክትልህ አለኝ።

የመጀመሪያው ሹፌር መንዳት እንጂ መቆም አያውቅም ነበር። ተሳፋሪ አለም በር ላይ "ወራጅ!" ብሎ ከጮኸ ወረታ መግቢያ ላይ ይወርዳል። ሁለተኛው መቆም ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጠላ ቤት ባየ ቁጥር ይቆማል፣ በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ የጠላ ቤት ችግር የለም። ሦስተኛው ጨዋ ነበር። ጨዋነቱን ሌላ ባለ መኪናም አየለትና ወሰደው።

የመኪናዋ እኩሌታ የሚስቴ ነው፣ ከአባቷ ውርስ የመጣ። ሌላው እኩሌታም የኔ የሚሆነው እሷ ዝም ስትል ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት አንድ ጧት በረንዳው ላይ ቆማ መኪናዋን ስታይ ቆየችና፣

"አንተ ሰው፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ጎተራ?" አለችኝ።

"መኪና ናት።"

"መኪና ይሄዳል። እስከ ፋሲካ የሚነዳት ካልተገኘ ለእብናቱ ሰውዬ ትሸጣለች። ቃሌ ነው።"

የእብናቱ ሰውዬ የከብት ነጋዴ ነው። አንድ ቀን መጥቶ መኪናዋን ዞሯት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገና ዋጋ ሳይጠይቅ ሄደ። እኔ ገበያ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ የላም ጥርስ አይቶ ዋጋ ሳይጠይቅ የሄደ ገዢ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ይቺ መኪና ከኔ እጅ ወጥታ በእብናት መንገድ ላይ በሰው ተሞልታ ስትሄድ ታየችኝ።

"ራሴ እነዳታለሁ" አልኳት።

"አንተ?"

"እኔ።"

"ድንች እኮ ሲገለበጥ አይጮህም" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ለፒካፕ የሚሆን መንጃ ፈቃድ ከድሮም ነበረኝ። ሰው ለመጫን ግን ከዚያ ከፍ ያለ ደረጃ ይፈለጋል። ለዚያ ሥልጠና አለ፣ ከሥልጠናው በኋላ ፈተና አለ፣ ሦስት ጊዜ የወደቀ ደግሞ ሥልጠናውን እንደገና ከሀ ይጀምራል አሉኝ። ተመዘገብኩ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሠልጣኞች ሁሉ በልጆቼ ዕድሜ ናቸው። ገና በር ላይ ብቅ ስል "ኖር!" ብለው ብድግ ይላሉ፤ እኔ "በእግዜር" ብዬ እስክቀመጥ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። አስተማሪው የመንገድ ምልክት እየሳለ እጁ ሰሌዳው ላይ ይቀራል። እንዳልረብሽ ብዬ ማልጄ መምጣት ጀመርኩ።

የክፍሉስ እሺ። ጣጣው የመጣው የማሠልጠኛውን አውቶቡስ መሪ ስጨብጥ ነው። አሠልጣኜ ሃያ ስድስት ቢሞላው ነው፣ የመሪጌታ ልጅ፣ አፉ በአንቱ የተሟሸ። አጠገቤ ተቀምጦ እንዲህ ይላል፦

"እንግዲህ አባቴ፣ ካላስቸገርዎ ፍሪሲዮኑን ይርገጡልኝ። አንደኛ ማርሽ ያስገቡልኝ። አሁን ደግሞ ቀስ ብለው፣ እባክዎ፣ ቀስ ብለው ይልቀቁልኝ።"

ሜዳ ላይ ይህ ያምራል። መንገድ ላይ ግን አንቱ ረጅም ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከከተማው ቁልቁል ስንወርድ ሣር የተጫነች አህያ ከመታጠፊያው ብቅ አለች።

"አባቴ፣ እንደው ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከፊት ለፊትዎ አህያ ስላለች፣ ፍሬኑን ቢይ..."

የቀረውን ቦይ ውስጥ ሆነን ነው የጨረሰው። የቀኝ ጎማችን ውሃ መውረጃው ውስጥ ተኝቷል። አህያዋ አልፋን ሄደች። ባለቤቷ ቆም ብሎ አየንና፣ "እሷስ መንገድ ሰጠቻችሁ፤ እናንተ ምን ሆናችሁ?" ብሎ ተከተላት።

ደሜ ፈላ። "ለምን ያዝ አላልከኝም?"

"ይያዙ ልል ነበር፣ አባቴ።"

"ይያዙ እስክትል አለቅን! ያዝ በለኝ። አንተ በለኝ!"

"ኧረ ነውር ነው! አባቴ ቢሰሙ ምን ይላሉ?"

"አባትህ እዚህ የሉም።"

"እግዚአብሔር አለ" አለኝ።

ገበያ ውስጥ ቢሆን እቃውን ትቼ እሄድ ነበር፤ እዚህ ግን እቃው እኔው ነኝ። ሁለት ቀን ተነታርከን በመጨረሻ ስምምነት ላይ ደረስን፤ ግሡን አስቀረነው። "ፍሬን!" ይላል። አንተ የለበት፣ አንቱ የለበት። "ስፖኪዮ!" "ፍሬቻ!" "ሁለተኛ!" ሥልጠናው ሰላም አገኘ። አንድ ጊዜ ብቻ "አህያ!" ሲለኝ ተናድጄ ዞር አልኩበት፤ እውነትም ከፊት አህያ ነበረች።

በጾሙ መግቢያ ለፈተና ቀረብኩ። አሠልጣኜ ከመኪናው ሳይወርድ፣ "ፈታኙ ሲገቡ ዝግጁ ሆነው ያግኙዎ፤ ሞተር ተነሥቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ አንደኛ ማርሽ ገብቶ" ብሎ መከረኝ። ቅን ምክር ነው። ያጠፋኝም እሱ ነው።

እንዳለኝ አደረግሁ። ጥቂት ቆይቶ የተሳፋሪው በር ተከፈተና ነጭ ጠጉር አየሁ። ከነጭ ጠጉሩ ሥር ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር ደረጃውን የሚፈልግ ከዘራ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እግሬ እኔን ሳያማክር ነው ያደረገው። በኛ አገር ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም፤ አንድ ሁለቱን ያየሁ እንደሆነም በኩርኩም ሲነሡ ነው። ፒካፕ ላይ ይህ ጣጣ የለም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ልነሣ ያለ ሰው ናላውን ይመታል። አውቶቡስ ግን ቤት ነው፤ ሰው በበር ይገባል፣ ጣሪያውም ያስቆማል።

"ኖር!" ብዬ ብድግ አልኩ።

እኔ ስነሣ ፍሪሲዮኑም ተነሣ። መኪናው እንደ ደነበረ ወይፈን አንዴ ዘለለና ሞተሩ ጠፋ። ፈታኙ የበሩን ብረት እንደያዙ ወለሉ ላይ ዘፍ አሉ።

"በእግዜር" አሉ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ሆነው።

ዘልዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። "ወደቁ እንዴ አባቴ?"

"እኔስ ተነሣሁ" አሉ ጋቢያቸውን እያራገፉ። "የወደቅኸው አንተ ነህ።"

"ለአክብሮት እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። አክብሮቱን ቤትህ ስመጣ ታሳየኛለህ፤ ማርሽ አስገብተህ አታክብረኝ።"

ወረቀቱ ላይ "ተሽከርካሪው በማርሽ ላይ እያለ ከመቀመጫው ተነሥቷል" ብለው ጻፉ። ምንም የሚነቀፍ ነገር የለውም። ቤት ስገባ ሚስቴ ምስር ትለቅም ነበር።

"አለፍህ?"

"ወደቅሁ።"

"ምን ብለህ?"

"ኖር ብዬ።"

መጀመሪያ የምቀልድ መሰላት። ስነግራት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ዓይኗ ወደ መኪናዋ ሄደ። "ከዚህ ወዲያ ስንት ሳምንት ቀረው?" አለችኝ። ስንት እንደቀረው ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

እንግዲህ አለመነሣትን መማር ነበረብኝ። አሠልጣኜ አንድ ዘዴ አመጣ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ የሚሞቁትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እናስገባ፣ እኔ ፍሪሲዮን ረግጬ ቁጭ እንድል። ሄዶ ለመናቸው። የመጀመሪያው ሽማግሌ ገቡ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ፣ ጠበቁ። እኔ ፊቴን ወደ መስታወቱ አድርጌ ጥርሴን ነክሻለሁ።

"ኖር የለም?" አሉ።

"ሥልጠና ላይ ናቸው አባቴ" አላቸው አሠልጣኜ።

"ምኑን ነው የሚሠለጥነው?"

"አለመነሣትን።"

ሽማግሌው ወደ በሩ ተመለሱና ለጓደኞቻቸው ጮኹ፦ "ኑ እዩ! ብልግናን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተከፍቷል!"

ሁሉም መጡ። አንዱ ጎኔን በከዘራ ነካ አድርገው "የማን ልጅ ነው ይሄ?" ብለው ጠየቁ፤ ሌላው የአባቴን ስም ነገሯቸው፤ ሁለቱም ለአባቴ አዝነው ከንፈር መጠጡ። አባቴ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ያን ቀን በኔ ምክንያት እንደገና ተለቀሰላቸው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወንበሩ ተመቻቸውና አንወርድም አሉ። ገበያ ድረስ ወስደን መለስናቸው፤ ለነዳጁ ሁለት ቀን ተሰልፌበታለሁ። ቢሆንም ተማርኩ። በሳምንቱ መጨረሻ ጳጳስ ቢገባ አልነሣም ነበር።

ለሁለተኛው ፈተና የወንበሩን ቀበቶ ትንፋሽ እስኪያሳጥረኝ አጠበቅሁ። እኚያው ፈታኝ ገቡ። አልተነሣሁም። "እንደምን አደርክ?" አሉኝ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ በጥርሴ መሐል፣ አንገቴን ሳላዞር። ወደ ወረታው መንገድ ወጣን። ማርሹ እሺ አለኝ፣ ቁልቁለቱም እሺ አለኝ። ከከተማው ወጣ እንዳልን አንድ መታጠፊያ ላይ ጥላ የያዙ ቄስ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ብቅ አሉ።

አሁንም እግሬ ነው። ፍሬኑን ያዘ።

"ለምን ቆምክ?" አሉ ፈታኙ።

"ቄሱ እጃቸውን አነሡ እኮ።"

"ፈተና ላይ ነህ!"

"ይህን እሳቸው በምን ያውቁታል?"

እኛ ይህን ስንባባል ቄሱ ራሳቸው በሩን ከፍተው ገብተዋል። ያን ጊዜ ፈታኙ "ኖር!" ብለው ብድግ አሉ፣ እንዲያውም ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። ቄሱም "በእግዜር" ብለው መስቀል አሳለሟቸው። እኔ ፍሪሲዮን ረግጬ እንደ ድንጋይ ተቀምጫለሁ። ቄሱ ቁልቁል አዩኝና ፈታኙን "ይሄስ ምን ነክቶት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"እሱ ተምሮ ነው" አሉ ፈታኙ።

ወረቀቱ ላይ "ኩርባ ላይ ቆሟል" ተብሎ ተጻፈ። ኩርባው ኩርባ ነው።

በማግስቱ የእብናቱ ሰውዬ ደወለ። ቀዳም ሥዑር ለበዓል የሚሆን በግ ይዞ ወደኛ ስለሚመጣ፣ እግረ መንገዱን የመኪናዋን ዋጋ ሊጨርስ እንደሚፈልግ ለሚስቴ ነገራት። ለኔ አልደወለም። እኔ የቀረኝ አንድ ፈተና ነው፤ ያን ከወደቅሁ ሥልጠናው ከሀ ይጀምራል፣ መኪናዋ ግን አትጠብቀኝም።

ቁጭ ብዬ እንደ ነጋዴ አሰብኩበት። ያጠፋኝ ሰላምታ ነው። ሰላምታ የሌለበት ሳምንት ደግሞ በዓመት አንድ አለ፤ ሰሙነ ሕማማት። በዚያ ሳምንት መሳሳም የለም፣ መጨባበጥ የለም፣ ቄስም መስቀል አያሳልምም። ኖርም ከሰላምታ ይቆጠራል ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። የአሠልጣኜን አባት መሪጌታውን ልጠይቅ አስቤ ነበር፣ ግን ተውኩት፤ አይሆንም ሊልህ የሚችልን ሰው መጠየቅ ንግድ አይደለም። ለማክሰኞ ቀጠሮ ያዝኩ። ያን ሳምንት የሚፈልገው ሰው ስላልነበር ወዲያው ሰጡኝ።

የረሳሁት ስግደቱን ነው።

ሰኞ ከጧት ጀምሮ ሰገድን። ትንሽ ልቀንስ ባልኩ ቁጥር ሚስቴ በሴቶቹ በኩል አንገቷን አስግጋ ታየኛለች። ማክሰኞ ከአልጋ ስነሣ ጭኖቼ የሌላ ሰው ነበሩ። መኪናው ላይ ወጥቼ ሞተር አስነሣሁ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፤ ግራ እግሬ እንደሚነፋ ወንፊት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከፈታኙ በፊት መኪናው ሊሄድ ሆነ። ማርሹን አወጣሁ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ሞተሩንም አጠፋሁትና ተስፋ ቆርጬ ተቀመጥኩ።

በሩ ተከፈተ። የፈታኙ አንድ እግር ደረጃው ላይ ወጣ፤ ሁለተኛው አልመጣም። ብረቱን ይዘው ሞከሩ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሞከሩ። ለካ እሳቸውም ሰኞን ሲሰግዱ ነው የዋሉት። ተያየን። ሰላምታ የለም። "አግዘኝ" ማለትም ከበዳቸው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቧል፤ ጉልበቴን በሁለት እጄ ደግፌ ተነሣሁና ከብብታቸው ገብቼ አወጣኋቸው። ሁለታችንም ስናቃስት ለተመለከተ ጆንያ የምንጭን ይመስል ነበር። ተቀመጡ፣ ብዕራቸውን አወጡ፣ ረጅም ነገር ጻፉ። ይኸው ተነሣ ብለው ጻፉብኝ፣ አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

"አስነሣ" አሉኝ።

ዳገቱ ላይ አስቁመው እንደገና እንድነሣ አዘዙኝ። ከሁሉ የምፈራው ይህን ነበር፤ በጤናዬ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ወይ ይዘላል ወይ ይጠፋል። ያን ቀን ግን እግሬ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ፍሪሲዮኑ በጥቂት በጥቂት ተለቀቀና መኪናው እንደ ቅቤ ተነሣ። ፈታኙ ዞር ብለው አዩኝ። የስግደት ነው አላልኳቸውም።

ተመልሰን ስንቆም ወረቀቱን ወደኔ አዞሩት። "ሽማግሌ ተሳፋሪ ሲገባ ማርሽ አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ደግፎ አሳፍሯል" ይላል።

"አልፈሃል" አሉኝ።

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩና ሕማማት መሆኑ ትዝ አለኝ። እንደጎነበስኩ ቀረሁ።

ቀዳም ሥዑር የእብናቱ ሰውዬ መጣ። ሚስቴ ቄጤማዋን ራሷ ላይ እንዳሰረች በሩ ላይ ተቀበለችው።

"ሹፌር ተገኝቶላታል" አለችው።

"ማን?"

በአገጯ እኔን አመለከተችው። ሰውዬው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፣ ጎማዋን አንዴ መታ አደረገና፣ "እንግዲያ ከበዓሉም በኋላ እመለሳለሁ" ብሎ በጉን እየጎተተ ወጣ። ሚስቴ ምንም አላለችም። ዝም ስትል ደግሞ መኪናዋ የኔ ናት።

አሁን ከደብረ ታቦር በወረታ አዲስ ዘመን እመላለሳለሁ። በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ወረታ ላይ ወደ ጣራ ገዳም የሚሄዱ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ተሳፈሩ። መኪናው ሙሉ "ኖር!" ብሎ ተነሣ። እኔ ፍሪሲዮን ረግጬ ፊት ለፊት አያለሁ። በየፌርማታው ሞተር እያጠፋሁ ልነሣ ብል አዲስ ዘመን አልደርስም፤ ቅጥቅጧ ደግሞ ባትሪዋ ደክሞ አንዴ ከጠፋች "ግፉኝ" የምትል ናት። መነኩሴው አልተቀመጡም። ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩኝ።

"ልጄ፣ እግርህን ያምሃል?"

በመስታወቱ ስመለከት ተሳፋሪው ሁሉ መልሴን ይጠብቃል። አያመኝም ብል ባለጌ ነኝ።

"አዎ አባ" አልኩ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሕማማት።"

ከንፈር መጠጡልኝ፣ ተሳፋሪውም ተከትሎ መጠጠ። በሳምንቱ እዚያው በወረዱበት አዲስ ዘመን ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ በእጃቸው በቢጫ ጀሪካን ጠበል ይዘዋል።

"ግማሹን ትጠጣለህ፣ ግማሹን ጉልበትህ ላይ ታፈሳለህ። አሁን፣ እኔ እያየሁ።"

የእጅ ፍሬኑን ስቤ ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ሱሪዬን ልጠቀልል ብሞክር ከጉልበቴ አላልፍ አለኝና ከነሱሪዬ አፈሰስኩት። "ይማርህ!" አለ መኪናው ሙሉ ሰው። "አሜን" ብዬ ማርሽ አስገባሁ። ይፋግ ደርሼም ሱሪዬ አልደረቀም።